«ስማቸው ያልተጻፈውን ልጆች ምን ብለን እንጥራቸው?»

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የእትዬ መልስ

በክረምቱ የደረሱኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ፣ ከሐዋሳ ብቻ ስለ አንድ ጉዳይ ብዙ ሰው ጽፎልኝ አገኘሁ። ጉዳዩ የካናዳ ነው፤ ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤት የደረሰባቸው ነገር ነው። መነሻው ግን እዚሁ ሐዋሳ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ሰላም እትዬ። ሐዋሳ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። አምና ከመስቀል በኋላ፣ ወላጆቹ ከካናዳ ይዘውት የተመለሱ አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ዩኒፎርሙን ትቶ ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሶ መጣ። ጥበቃው ከበር ሊመልሰው ሲል «ዛሬ ለጠፉት ልጆች ነው የሚለበሰው» አለ። ክፍል ውስጥ እንዲያስረዳ አደረግኩት። በዚያች በተሰባበረች አማርኛው ነገራቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ሁለት ልጆች አለቀሱ። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን ቀኑን መላው ትምህርት ቤት እንዲያስበው ፈቅደዋል። እኔ ግን ፈራሁ። ታሪኩን በደንብ አላውቀውም። ለትንንሾቹስ እንዴት ይነገራል? — መምህርት፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ልጅ ቁጭ ብለሽ በማዳመጥሽ ተባረኪ። ዩኒፎርም አልለበስክም ተብሎ ቢመለስ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

ታሪኩን ከቲሸርቱ ጀምሪ። ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል ከካናዳ ነባር ሕዝቦች የሆነች ሴት አለች። በ1973 ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል አያቷ ከተማ ወስደው አዲስ ልብስ አስመረጧት። የመረጠችው የሚያብለጨልጭ ብርቱካናማ ሸሚዝ ነው። ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልብስ የተገዛለት ልጅ እንዴት እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ፤ እንቅልፍ የለም፣ አሁንም አሁንም እየተነሱ ልብሱን ማየት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቱ በደረሰችበት ቀን ልብሷን አስወለቋት። ሸሚዙ ከዚያ በኋላ አልተመለሰላትም። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ ይህን ታሪኳን በአደባባይ ተናገረች። ሴፕቴምበር 30 የብርቱካናማ ሸሚዝ ቀን የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ያ ወር የተመረጠው ልጆቹ ከየቤታቸው የሚወሰዱት በዚያ ወር ስለነበር ነው። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ካናዳ ቀኑን የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ቀን ብላ በሕግ አጽድቃዋለች። በእኛ መስከረም 20 ይውላል፣ አንዳንድ ዓመት 19። ልክ የእኛም ልጆች ደብተር ሸፍነው ትምህርት የሚጀምሩበት ሰሞን።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ እንግባ። እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከ1830ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ነበሩ። ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የአብያተ ክርስቲያናት ነው፤ የካቶሊክ፣ የአንግሊካን፣ የዩናይትድና የፕሪስባይቴሪያን። ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች አልፈውባቸዋል፤ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢንዊትና ሜቲስ የሚባሉት ሕዝቦች ልጆች። ዓላማው የተደበቀ አልነበረም። ልጁን ከእናት ከአባቱ፣ ከቋንቋውና ከእምነቱ ለይቶ ሌላ ሰው ማድረግ ነው። ሲደርሱ ፀጉራቸው ይቆረጣል። ልብሳቸው ይወሰዳል። አዲስ ስም ይወጣላቸዋል፣ ብዙዎቹም ቁጥር ይሰጣቸዋል። ወንድምና እህት በአንድ ግቢ እየኖሩ እንዳይነጋገሩ ይለያያሉ። በእናቱ ቋንቋ የተናገረ ይቀጣል። ለረጅም ዘመን ትምህርቱ የግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ ግማሹን ቀን ልጆቹ ያርሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ወጥ ቤት ይሠራሉ። ዱላና ጾታዊ ጥቃትም በብዙ ቦታ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ለትንንሾቹ አትንገሪያቸው። አንቺ ግን እወቂው።

ብዙ ልጆችም ሞቱ። በሳንባ ነቀርሳ፣ በምግብ እጥረት፣ በእሳት ቃጠሎ፣ ከቅጣት ሸሽተው በብርድ። ፒተር ብራይስ የሚባል ሐኪም፣ ራሱ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ፣ በ1907 ምዕራብ ካናዳ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ዞሮ አየ። መረጃ ከሰጡ 15 ትምህርት ቤቶች 1,537 ተማሪዎች ውስጥ ሩብ ያህሉ ሞተው ነበር። ሰውየው ጻፈ፣ ለመነ፣ መፍትሔ አቀረበ። አለቆቹ ሪፖርቱን ወደ ጎን አሉት። ከሥራ ከወጣ በኋላ በ1922 በራሱ አሳትሞ ለሕዝብ አወጣው። እና እህቴ፣ ከዚያ በኋላም እነዚያ ቤቶች ከ70 ዓመት በላይ ቀጠሉ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ አላወቅንም ለማለት እንኳ ምክንያት አልነበራቸውም።

ስለ እነዚህ ትምህርት ቤቶች እውነቱን እንዲያጣራ የተቋቋመው የካናዳ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ሥራውን ሲጨርስ 3,200 ያህል ሞቶችን ከመዝገብ አግኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው የስም ዝርዝር ከ4,000 አልፏል። ኮሚሽኑ ካገኛቸው ሞቶች ሲሶ ለሚሆኑት የልጁ ስም አልተጻፈም። ግማሽ ያህሉ በምን እንደሞቱ አልተመዘገበም። አስከሬን ወደ ቤት መላክ ወጪ ስለሚያስወጣ አብዛኞቹ እዚያው ተቀበሩ።

ወላጆቻቸው ደግሞ አንዳንዶቹ መርዶ እንኳ አልደረሳቸውም። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቢ። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማው ተብሎ ስንት ይመከራል። እነዚያ እናቶች በሰኔ ልጆች ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ የሌላው ልጅ ይመጣል፣ የእነሱ አይመጣም። ያ ነው መርዶው።

ለክፍሉ የአንድ ልጅ ታሪክ መንገር ካስፈለገሽ የቻኒ ዌንጃክን ንገሪያቸው፣ ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላሉት። አኒሺናቤ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነ ልጅ ነው፣ 12 ዓመቱ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስሙን እንኳ በትክክል አልጠሩትም፤ «ቻርሊ» ነበር የሚሉት። በጥቅምት 1966 ኬኖራ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለው ትምህርት ቤት ጠፍቶ ወደ አባቱ ቤት ጉዞ ጀመረ። ቤቱ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ሄዶ ከመመለስ ይበልጣል፣ በእግር፣ በስስ ጃኬት፣ በዚያ ብርድ። የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ሲሄድ ሐዲዱ ዳር ሞቶ ተገኘ። እሱ ከሞተ በኋላ ነው የካናዳ ጋዜጦችና ሰዎች «እዚያ ቤት ውስጥ ምንድነው የሚሆነው?» ብለው ጮክ ብለው መጠየቅ የጀመሩት።

ወደ ሥራው እንምጣ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ላሉት ሸሚዙ ይበቃቸዋል። አዲስ ልብስ፣ አያት፣ ልብሱን የወሰደ ሰው። ከዚያ በላይ አትሂጂ። «ያንቺን ልብስ ቢወስዱብሽ ምን ይሰማሻል?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ይናገሩ። ለአምስተኛና ስድስተኛ ቻኒን ጨምሪ። ለሰባተኛና ስምንተኛ የሐኪሙን ታሪክ፣ በሕይወት የተረፉት እንዴት ፍርድ ቤት ሄደው እንደተሟገቱ፣ ኮሚሽኑ ከ6,000 ሰው በላይ እንዳዳመጠ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በ2008 ፓርላማ ቆመው ይቅርታ እንደጠየቁ፣ የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2022 ካናዳ ድረስ ሄደው እንደጠየቁ ንገሪያቸው። ከእነዚያ ቤቶች የወጡት ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። አያት ሆነዋል። ጥንት የተደረገ ተረት እንዳይመስላቸው።

ሦስት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ ድራማ አታሠሪ። ልጅ ልጅን ሲገርፍ የሚያሳይ ጭውውት አይሁን፤ የሚያዩት ይስቃሉ፣ የሚሠሩት ይሸማቀቃሉ። ላባ ሰክተው፣ ፊታቸውን ቀብተው እንዲወጡም አታድርጊ። ሁለተኛ፣ እኛ በልጅነታችን ፊልም ላይ እያየን «ቀይ ሕንዶች» የምንላቸውን ሰዎች ነው የምናወራው። ያንን ስም ተዪው። ነባር ሕዝቦች በይ፣ ከተቻለ ደግሞ በየራሳቸው ስም፤ ክሪ፣ አኒሺናቤ፣ ሴክዌፔምክ። ስማቸውን ለተነጠቁ ልጆች መታሰቢያ እያደረግን በተሳሳተ ስም ብንጠራቸው ምኑን አሰብናቸው? ሦስተኛ፣ ወላጅ ቲሸርት እንዲገዛ አታስገድዱ። በዚህ ኑሮ! ከልብስ ሰፊ ቤት የሚተርፍ ብርቱካናማ ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ማድረግ ይበቃል።

ያንን ልጅ ደግሞ አስቀድመሽ ጠይቂው፣ ወላጆቹንም። መድረክ ላይ መውጣት ላይፈልግ ይችላል። ካልፈለገ በቃ።

አንድ የቤት ሥራ ግን ለመላው ትምህርት ቤት ስጪልኝ። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ሄዶ ስሜን ማን አወጣልኝ፣ ለምን፣ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቅ። አያት ካለ አያትን። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ክፍል የሲዳምኛ፣ የወላይትኛ፣ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የጉራጊኛ ስም ታገኛላችሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ከየክፍሉ አንድ ልጅ ወጥቶ የስሙን ታሪክ ይናገር። ስም ምን እንደሆነ ያወቀ ልጅ፣ በቁጥር መጠራት ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ሳታስረጂው ይገባዋል።

ይድረስ ለአዘጋጇ። ልጄ እዚሁ ትምህርት ቤት ይማራል። ቀኑን በመልካም ልብ እንዳሰቡት አውቃለሁ። ግን በአገራችን ስንት ልጅ ሞቶ፣ ስንት ልጅ ተፈናቅሎ፣ የማናውቀውን የካናዳ ለቅሶ ልጆቻችን ላይ መጫን ተገቢ ነው? የራሳችንን ሳናለቅስ? — ወላጅ፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ከቁም ነገር የመጣ ነው፣ አልናቅኩትም። እኔም መጀመሪያ ደብዳቤውን ሳነብ እንደዚያው ነው ያሰብኩት።

ግን ሰፈርዎን ያስቡ። እድርተኛ ሲሞት ቤትዎ ሐዘን አለ ብለው አይቀሩም። እንዲያውም ሐዘን የገባበት ሰው ነው ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው፣ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ። ልጆቻችን የሌላውን ልጅ ማዘን ሲማሩ የራሳቸው የሚቀንስ አይመስለኝም።

አንድ የራሴን ልንገርዎት። ልጅ ሳለሁ የተማርኩት ከሐዋሳ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። አንደኛ ክፍል ስንገባ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነበር። መምህራችን ስም ሲጠሩ የእሱ ጋ ደረሱና ቆሙ። ደግመው አዩት። ከዚያ «ይሄማ ለአፍም አይመች፣ ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ይሄ ነው» ብለው ሌላ ስም ጻፉለት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፣ አላለቀሰምም፣ ዝም ብሎ ጠረጴዛውን አየ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚያ ስም ተማርን፣ በዚያ ስም ተጫወትን፣ ካርዱም ሰርተፊኬቱም በዚያ ስም ወጣ።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቱ አረፉ ተባለና ለቅሶ ሄድን። አልቃሿ በሙሾዋ መካከል አንድ ስም ትጠራለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ማንን ነው የሚሉት ብዬ አጠገቤ ያሉትን ጠየቅኩ። «ልጇን ነዋ! ያው የቆመው!» አሉኝ። ስምንት ዓመት አብሬው ተቀምጬ የእናቱን ልጅ ስም አላውቅም ነበር። እናቱ እስኪሞቱ ድረስ ቤታቸው ውስጥ ያ መምህሩ ያወጡለት ስም አንድ ቀን አልተጠራም አሉ። እኔ ያንን ቀን ከሳቄ ጋር ነው የማስታውሰው፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ካናዳ የሆነው ሁሉ እኛ ጋ ሆኗል እያልኩ አይደለም። ያ ልጅ ማታ ማታ ወደ እናቱ ቤት ይገባ ነበር። እነዚያ አይገቡም ነበር። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ነገር ግን በእኛም ትምህርት ቤቶች ስሙ የተቀየረበት፣ በእናቱ ቋንቋ ስለተናገረ የተሳቀበትና የተገረፈ ሰው ከእርስዎ ሰፈርም አይጠፋም። ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ስለ ካናዳ ሲነግርዎ፣ እርስዎም የሚነግሩት ይኖርዎታል። የራሳችንም ለቅሶ በዚያው በር ሊገባ ይችላል።

ለትምህርት ቤቶችም አንድ ነገር ልጨምር፣ የመጣ ይምጣ። ዛሬም አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ የተናገረ ልጅ ብር ይቀጣል፣ ወይም ስሙ ይመዘገባል። እንግሊዝኛ ይማሩ፣ ጥሩ ነው። ግን ጠዋት ብርቱካናማ ጨርቅ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ በቋንቋቸው ስለተገረፉ ልጆች ተናግራችሁ፣ በእረፍት ሰዓት በሲዳምኛ የተጫወተን ልጅ የምትቀጡ ከሆነ ዝግጅቱን ባትጀምሩት ይሻላል። መጀመሪያ ያ ደንብ ይነሳ።

እትዬ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ ቀኑ ነግራናለች። ወላጆቻቸው ለምን ዝም አሉ? የኔ እናት ብትሆን አትሰጠኝም ነበር።

የኔ ልጅ፣ እናትሽ እንደማትሰጥሽ አምናለሁ። እነሱም ዝም አላሉም።

በ1920 ሕጉ ተቀይሮ ከ7 እስከ 15 ዓመት ያለ የነባር ሕዝብ ልጅ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ ሆነ። ልጁን የደበቀ ወላጅ ይቀጣል፣ ይታሰራል። ልጆቹን ለመውሰድ ፖሊስ ይመጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ ጫካ ውስጥ ልጆቻቸውን የደበቁ ነበሩ። አቤቱታ የጻፉ፣ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄደው «ልጄን ስጡኝ» ያሉ ነበሩ። ልጆቹም ይጠፉ ነበር፣ ደጋግመው፣ ተይዘው እየተመለሱ እንደገና። ትምህርት ቤቱን በእሳት ያቃጠሉም አሉ።

አንድ ደስ የሚልሽ ልንገርሽ። በ1970 አልበርታ በሚባለው ግዛት ብሉ ኩዊልስ የሚባለውን ትምህርት ቤት መንግሥት ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ ሲል የአካባቢው ሰው፣ እናት አባት ሽማግሌው ሁሉ፣ ሄዶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። አንነሳም አሉ። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ በእጃቸው ገባ፣ ራሳቸው ያስተዳድሩት ጀመር። በካናዳ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ያስተዳደሩት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ያ ነው።

እትዬ፣ ስለዚህ ነገር ኢንተርኔት ላይ ሳነብ «መቃብሩ ውሸት ነው፣ አንድም አጥንት አልተገኘም» የሚሉ አየሁ። ለልጆች ውሸት እያስተማርን ይሆን? — ወጣት፣ ከታቦር ሰፈር

ጥሩ አድርገህ ጠየቅክ። ነገሩን ለያይተን እንየው፣ ብዙ ሰው እየቀላቀለው ነው የሚጨቃጨቀው።

በግንቦት 2021 ካምሉፕስ በሚባለው ቦታ የሚኖሩት የሴክዌፔምክ ሰዎች የቀድሞው ትምህርት ቤት ግቢን መሬት ውስጥ በሚያይ ራዳር አስፈትሸው፣ የልጆች መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ 215 ቦታዎች አገኘን አሉ። ቆይቶ ቁጥሩ 200 ተብሎ ተስተካከለ። ራዳሩ አጥንት አያሳይም። አፈሩ በሆነ ጊዜ ተቆፍሮ የተነካካበትን ቦታ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «215 ሬሳ ተገኘ» ብሎ የጻፈ ሁሉ ተሳስቷል። ያንን ለልጆች እንዳትነግሩ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ካውሰስ የሚባሉት ሰዎች 751 ምልክት የሌላቸው መቃብሮች ማግኘታቸውን ተናገሩ፤ ያ ቦታ ግን ድሮም የመቃብር ስፍራ መሆኑ የሚታወቅ ነው፣ የተነሱት ምልክቶቹ ናቸው፣ የአዋቂዎችም መቃብር እንዳለበት ራሳቸው ገልጸዋል። ቆፍሮ ማየት ወይም አለማየት ደግሞ የሟች ቤተሰብ ውሳኔ ነው። በእኛስ አገር የሰው መቃብር ዝም ብሎ ይቆፈራል?

ሞቱ ግን በራዳር አይደለም የታወቀው። ራዳሩ ከመምጣቱ ከስንት ዘመን በፊት በትምህርት ቤቶቹ፣ በቤተ ክርስቲያኖቹና በመንግሥቱ በራሱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ኮሚሽኑ 3,200ውን ያገኘው ከዚያ መዝገብ ነው፣ ሐኪሙ ብራይስም በ1907 የቆጠረው ከዚያው ነው። በመስከረም 2019፣ ማለትም የካምሉፕስ ዜና ከመሰማቱ አንድ ዓመት ከምናምን በፊት፣ 50 ሜትር የሚረዝም ቀይ ጨርቅ ላይ የ2,800 ልጆች ስም ተጽፎ በአደባባይ ተዘርግቷል። ለልጆቹ ስለዚያ ጨርቅ ንገሯቸው። 50 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ በግቢው ውስጥ በገመድ ለክታችሁ አሳዩአቸው። አንዱን ጫፍ አንድ ልጅ ይያዝ፣ ሌላውን ሌላ ልጅ፣ ከዚያ መካከል ላይ ቆመው ይዩት።

ለተከበርሽው እህቴ። እኔ ዕድሜ ጠገብ ጡረተኛ ነኝ። ከገጠር መጥቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቼ ነው ሰው የሆንኩት። አሁን የልጅ ልጄ መጥታ «አያቴ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ክፉ ነው» አለችኝ። ከፍቶኛል። — ከሐዋሳ

ጋሼ፣ አይክፋዎት። ልጅቷም አልዋሸችም፣ እርስዎም አልዋሹም።

እርስዎ ሲሄዱ አባትዎ ወደው፣ ምናልባትም ከብት ሸጠው ነው የላክዎት። እናትዎ በሶና ቆሎ ቋጥረውልዎታል። ክረምት ሲገባ ወደ አገርዎ ተመልሰዋል፣ በዚያው ስምዎ፣ በዚያው ቋንቋዎ ቤተሰብዎን አግኝተዋል። ተምረው ሲመለሱም አገሬው ኮርቶብዎታል። እነዚያ ልጆች ግን የተወሰዱት ወላጆቻቸውን እንዲረሱ ነው፣ ለብዙዎቹም ሠርቷል፤ ተመልሰው ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ከእነሱም መካከል ጥሩ መምህር ያገኙ፣ እዚያ ባነበቡት የተጠቀሙ ነበሩ፣ ኮሚሽኑም የእነሱን ቃል ሳይደብቅ መዝግቦታል። ስለዚህ ልጅቷን ቁጭ ያድርጓትና የእርስዎን ይንገሯት፤ ማን እንደላክዎት፣ ስንቅዎን ማን እንደቋጠረ፣ የመጀመሪያውን ማታ እንዴት እንዳደሩ። እኔ እንኳ የመጀመሪያው ማታ አልቅሰዋል ባይ ነኝ። እሱንም ይንገሯት።

እትዬ፣ ስማችሁን ጠይቁ ተብለን ጠየቅን። እኔ የአያቴ ስም ነው የወጣልኝ። ግን ስማቸው ያልተጻፈውን ልጆች በዕለቱ ምን ብለን እንጥራቸው? ስም እናውጣላቸው? — የ6ኛ ክፍል ተማሪ

አይ የኔ ልጅ፣ አታውጡላቸው። ስም ነበራቸው። እናታቸው አውጥታላቸው ነበር። ከማያውቁት ሰው ሌላ ስም አንዴ ተሰጥቷቸዋል፣ እኛ ደግሞ አንድገምባቸው።

እንዲህ አድርጉ። መምህርትሽ የታወቁትን ስሞች የተወሰኑትን፣ ከወጣው ዝርዝር ላይ መርጣ በቀስታ ታንብብ። የቻኒም ይጠራ፣ በትክክለኛ ስሙ። ከየሁለት ስም በኋላ አንድ ስም የሚጠራበትን ያህል ዝም ትበል። ከሦስቱ የአንዱ ስም አልተጻፈም ብያችሁ የለ? ዝምታው የእሱ ነው። እናንተም በዚያች ጊዜ ደወል አትደውሉ፣ አታጨብጭቡ፣ ቁሙ። ከዚያ መምህርትሽ ቀጣዩን ስም ትጥራ።